ከቆዳ ስር የተገኘ አየር ከየት መጣ?

ዛሬ የምናወራው ብዙም ስለማይነገርለት ነገር ነው፤ አየር ከቆዳ ስር ሲጠራቀም።

አንድ ሰው አንገቱ ወይም ፊቱ በድንገት ያብጣል። እብጠቱ አይቀላም፣ አያሳክክም፣ ብዙ ጊዜም አያምም። በጣት ሲጫኑት ግን ከጨርቅ ስር የተሸጎጠ ፌስታል እንደሚንኮሻኮሸው ይንኮሻኮሻል። ሰውየው ሲናገር ድምፁ ይቀጥናል፣ ወይም በአፍንጫው የሚያወራ ይመስላል። አየሩ ከበዛ የዓይን ቆብ አብጦ ዓይን እስከ መከደን ይደርሳል። ቤተሰብ የሚደነግጠው የሰውየው መልክ ስለተለወጠ ነው። ሐኪሙን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ ይህ አየር በየት በኩል ገባ? ከቆዳ ስር የተቀመጠው አየር ራሱ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፣ ቀስ በቀስ ሰውነት ይመጠዋል። የገባበት ቀዳዳ ግን ሕይወት የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል።

በጤናማ ሰው ቆዳ ስር አየር አይገኝም። ከተገኘ ወይ ሳንባን፣ የመተንፈሻ ቧንቧን፣ የምግብ ቧንቧን የመሰለ አየር የሚያልፍበት የሰውነት ክፍል ተቀዷል፤ ወይ ከውጭ በቁስል አለዚያም በኃይለኛ ግፊት ገብቷል፤ ወይም ደግሞ ጀርም እዚያው ሥጋ ውስጥ ጋዝ እየፈጠረ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ከሳንባ የሚመጣው ነው። ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች አሉት። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ ግድግዳ በኩል ስለሆነ ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው። በውስጣቸው ያለው ግፊት በድንገት ሲያይል አንዳንዶቹ ይቀደዳሉ። ቻርልስ ማክሊን የተባለ የካናዳ ተመራማሪ ከተቀደደው ከረጢት የወጣው አየር ወዴት እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1939 በጻፈው፣ በኋላም በ1944 ከባለቤቱ ከማጅ ማክሊን ጋር ባሳተመው ሥራ አስረድቷል። አየሩ በሳንባ ውስጥ የሚያልፉትን የደም ሥሮች ሽፋን ተከትሎ ወደ ደረት መሃል፣ ወደ ልብ አካባቢ ይጓዛል። ከዚያ ቀላሉ መንገድ ወደ ላይ ነውና ወደ አንገት ይወጣል፤ ከአንገት ደግሞ ወደ ፊት፣ ወደ ደረት ቆዳና ወደ ክንድ ይሰራጫል። ጉዳቱ ደረት ውስጥ ሆኖ ሳለ እብጠቱ አንገት ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ግፊቱን የሚያንረው ምንድን ነው? አስም አንዱ ነው። አስም ሲነሳ አየር ይገባል፣ መውጣት ግን ያቅተዋል፤ ሕመምተኛው ያንኑ አየር ለማስወጣት ሲታገል ከረጢቶቹ ይወጠራሉ። ለቀናት የቆየ ብርቱ ሳል፣ ትክትክ፣ በልጆች ላይ የጠና ኩፍኝ እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከባድ ዕቃ ለማንሳት ትንፋሽ ውጦ ማማጥም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ሐሺሽ የሚያጨሱ ወጣቶች ጭሱን ስበው ትንፋሻቸውን አፍነው ይይዛሉ፤ ድንገተኛ ክፍል አንገታቸው አብጦና ደረታቸውን እየወጋቸው ከሚመጡት ወጣቶች መካከል እንዲህ ያሉ ይገኙባቸዋል። ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ሆኖ ብታገኙት ቁጣውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ፈርቶ የሚደብቅ ልጅ ለሐኪሙም ይደብቃል፤ ሐኪሙ ደግሞ እውነቱን ካላወቀ በማይሆን ቦታ ሲፈልግ ጊዜ ይባክናል።

ምጥም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። የፈረንሳይ ንግሥት አዋላጅ የነበረችው ሉዊዝ ቡርዧ ጉዳዩን ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ናት፤ ጊዜው የ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ሃማን ደግሞ በ1939 በሰፊው ገለጸው። በተለይ በመጀመሪያ ወሊድ፣ ምጡ ሲረዝም፣ እናቲቱ ድምፅዋን አፍና ስትገፋ አንገቷ ሊያብጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። የወለደች ልጃችሁ አንገቷ ካበጠ ግን የአራስ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለአዋላጇ ወዲያውኑ ንገሩ።

ከሁሉም የሚበዛው ግን የአደጋ ጉዳት ነው። የጎን አጥንት ሲሰበር ስባሪው ሳንባን ሊወጋ ይችላል። አየሩ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባና ሳንባውን ይጨፈልቀዋል፤ የደረቱ የውስጥ ሽፋን ከተቀደደም በቀጥታ ከቆዳ ስር ይሰራጫል። የጎንደርን ገጠር የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች በሬ የወጋውን፣ ከባሕር ዛፍ ላይ የወደቀውን፣ ጎኑን በዱላ የተመታውን ሰው አይታችኋል። እዚህ እስራኤል ደግሞ የመኪና አደጋ አለ፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ መውደቅ አለ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው የሚወድቁ አረጋውያን አሉ። አጥንታቸው የሳሳ እናት ገንዳ ጠርዝ ላይ በጎናቸው ወድቀው፣ ልጆቼን አላስቸግርም ብለው ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ያሳስበኛል። ከወደቁ በኋላ ሲተነፍሱ የሚወጋቸው ከሆነ፣ ይልቁንም ደረታቸው ወይም አንገታቸው ማበጥ ከጀመረ፣ ማደር የለበትም።

የሚያጣድፈው ምክንያት ይህ ነው። አንዳንዴ የሳንባው ቀዳዳ አየር ያስወጣል እንጂ አይመልስም። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የተጠራቀመው አየር ሳንባውን ብቻ ሳይሆን ልብንና ትልልቆቹን የደም ሥሮች ይገፋል፤ ደም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል። ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ሊባል የሚችል ነው፤ የሠለጠነ ሰው በመርፌ ወይም በቱቦ አየሩን ከደረት ያስወጣዋል። እንግዲህ የሚወስነው በሰዓቱ መድረስ ነው።

እዚህ በክርያት ቢያሊክ ከተማ ሆነን ስለ አደጋ ስናወራ የሊባኖሱን ጦርነት ማለፍ አንችልም። እሑድ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2024 ማለዳ ከሊባኖስ የተተኮሱ ሮኬቶች ክርያት ቢያሊክ ውስጥ መኖሪያ ቤቶችን መቱ፤ ቤቶች ፈረሱ፣ መኪናዎች ተቃጠሉ፣ ሰዎች ቆሰሉ። በዚያው ዕለት ሃይፋ፣ ባት ጋሊም የሚገኘው ራምባም ሆስፒታል ሕሙማኑን ከመሬት በታች ወዳለው የተመሸገ ክፍል ማዛወር ጀመረ። ያ ክፍል በሰላም ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ በጦርነት ጊዜ 2,000 አልጋ የሚይዝ ሆስፒታል ይሆናል። በ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ሮኬቶች በሆስፒታሉ አቅራቢያ ከወደቁ በኋላ የተሠራ ነው።

ይህን የማነሳው ፍንዳታ ከቆዳ ስር አየር የሚያስገባበት የራሱ መንገድ ስላለው ነው። ሰዎች የሚፈሩት ስብርባሪውን ነው፤ መፍራታቸውም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የፍንዳታው የአየር ሞገድ ብቻውን፣ ምንም ነገር ሳይወጋ፣ የሳንባን ከረጢቶች ሊበጣጥስ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመለስ ጉዳቱ ይብሳል። ሰውየው ልብሱን አራግፎ፣ አንድም ጭረት ሳይታይበት፣ ደህና ነኝ ሊል ይችላል። ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ይተፋል፣ ወይም አንገቱ ያብጣል። ፍንዳታ አጠገብ የነበረ ሰው ቁስል ባይኖረውም መመርመር አለበት። በተለይ ጆሮውን የደነቆረው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር።

አሁን ወደ ልጆች እንምጣ፤ ይህኛው በእጃችን ያለ ነገር ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። በቡና ሰዓት ቆሎ ይቀርባል፤ ገብሱ፣ ሽንብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው። ሕፃኑም በትልልቆቹ መካከል እየተሯሯጠ ከሳህኑ ያፍሳል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመንጋጋ ጥርሱ ጠንካራ ነገር በደንብ ለመፍጨት ገና አልደረሰም፤ እየሳቀና እየሮጠም ይበላል። አንድ የሽንብራ ፍሬ ትንታ ሆኖ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሲገባ ቅርንጫፉን በከፊል ይዘጋዋል። አየር ሲሳብ ቧንቧው ሰፋ ስለሚል ያልፋል፣ ሲወጣ ስለሚጠብ እዚያው ይታሰራል። ከፍሬው በታች ያለው የሳንባ ክፍል እየተነፋ ሄዶ ይቀደዳል፤ አየሩም አንገት ላይ ይወጣል። ወላጆች የሚያስታውሱት ልጁ አንዴ ትን ብሎት እንደነበር ብቻ ነው፤ ከዚያ ተሻለው ብለው ይረሱታል። ከቀናት በኋላ ሳሉ እንቢ ሲል ጉንፋን ይባላል። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ለውዝና ኦቾሎኒን የመሳሰሉ ጠንካራ ፍሬዎች ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ይመክራል። ቆሎአችንም በዚሁ ምክር ውስጥ ይገባል። ቆሎ እንተው አልልም፤ ሳህኑን ግን ሕፃኑ ከማይደርስበት ቦታ እናስቀምጠው፣ ትን ካለው በኋላ የማይቀር ሳል ያለበትን ልጅ ወደ ሐኪም ስንወስድም “ቆሎ በልቶ ነበር” ብለን እንናገር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ሁሉ ትለውጠዋለች።

ጥርስ ማስነቀልም እንዲህ ያለ እብጠት ያመጣል። የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ፈጣን መሰርሰሪያ በአየር ግፊት የሚሽከረከር ስለሆነ፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል አየሩ በድድ ቁስል በኩል ወደ ጉንጭና አንገት ሊገባ ይችላል። በሕክምና ጽሑፍ ላይ በቅድሚያ የተመዘገበው ታሪክ ግን ከመሰርሰሪያው በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የተጻፈ ሲሆን፣ ጥርሱን ካስነቀለ ብዙም ሳይቆይ ጥሩምባ የነፋ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። ጥርስ ካስነቀላችሁ በኋላ ለጥቂት ቀናት ፊኛ አትንፉ፣ አፍንጫችሁን በኃይል አትናፈጡ፣ ስታስነጥሱም አፋችሁን ክፈቱ። ጉንጭ በደቂቃዎች ውስጥ ካበጠ ብዙ ሰው የማደንዘዣው አለርጂ ነው ይላል። አለርጂ ግን ያሳክካል፣ ቆዳን ያቀላል፣ ሲነካም ድምፅ የለውም።

ማስነጠስን ካነሳን ዘንድ፣ በ2018 መጀመሪያ ከእንግሊዝ ከተማ ከሌስተር ሐኪሞች ያወጡት ዘገባ አለ። አንድ የ34 ዓመት ጎልማሳ ማስነጠስ ሲመጣበት አፍንጫውን ይዞ አፉን ዘጋ። ጉሮሮው ውስጥ ተቀደደ፣ አንገቱ አበጠ፣ መዋጥ አቃተው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ዳነ። እኛ ዘንድ በጸሎት ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌ ፊት ማስነጠስ ነውር እየመሰለው የሚያፍን ሰው አለ። ነውር የለበትም። ፊቱን ዞር አድርጎ በክርኑ ላይ ያስነጥስ፤ እኛም ይማርህ እንበለው፣ እሱም ያኑርህ ይበለን።

በሃይፋ የባሕር ወሽመጥ አካባቢ በፋብሪካና በጋራዥ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኮምፕሬሰር አየር ከመኪና ጎማ ግፊት ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሥራ ሲያልቅ የልብስ አቧራ በኮምፕሬሰሩ ቱቦ ማራገፍ የተለመደ ነው። ትንሽ ጭረት ካለ አየሩ በእሱ በኩል ቆዳ ስር ይገባል፤ ዘይትና ቆሻሻም ይዞ ይገባል። በ2011 በኒውዚላንድ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በኮምፕሬሰር ቱቦ ጫፍ ላይ ወድቆ አየሩ መላ ሰውነቱን ነፍቶት፣ የሥራ ባልደረቦቹ ቶሎ ስለዘጉት ተርፏል። ቱቦውን በጓደኛ ሰውነት ላይ እየረጩ የሚቀልዱ ወጣቶች አሉ፤ አንጀቱ ተቀድዶ ሰው የሞተበት ቀልድ ስለሆነ ያየ ሰው ሁሉ ያስቁም።

ስለ ጠላቂ ዋናተኞች በአጭሩ ልናገር። ከአየር ሲሊንደር እየሳበ የሚጠልቅ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ከወጣ፣ የውሃው ግፊት ሲቀንስ በሳንባው ያለው አየር ይሰፋል። ከአንድ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ጥልቀት እንኳ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል። ሆስፒታል ውስጥም በመተንፈሻ መሣሪያ፣ በጉሮሮ ቱቦ፣ ወይም ሆድን በጋዝ ነፍቶ በሚደረግ ቀዶ ጥገና የተነሳ ታካሚው ሊያብጥ ይችላል፤ ይህን የሕክምናው ቡድን ይከታተለዋል።

ሁለት ነገሮች ግን ፈጽሞ ጊዜ የማይሰጡ ናቸው። አንደኛው ብርቱ ትውከት ተከትሎት የሚመጣ ኃይለኛ የደረት ሕመም ነው፤ የምግብ ቧንቧ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ሆላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ቡርሃቭ በ1724 የጻፈው የአንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ታሪክ ይህ ነበር፤ ሰውየው ከግብዣ በኋላ ሊያስመልስ ሲሞክር ቧንቧው ተቀዶ በማግስቱ ሞተ። ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ጥገና ይድናል።

ሁለተኛው በቆሸሸ ቁስል ዙሪያ የሚንኮሻኮሽ እብጠት ነው። በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም የተባለ ጀርም ጥልቅ ቁስል ውስጥ ገብቶ ሥጋን ይገድላል፣ እየገደለም ጋዝ ይፈጥራል። ከላይ የተናገርኩት እብጠት ብዙ ጊዜ አያምም ብያለሁ፤ ይህኛው ግን ከቁስሉ መጠን በላይ ያምማል። ትኩሳት አለው፣ ቆዳው ይጠቁራል ወይም ውሃ ይቋጥራል፣ ይሸታል። በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ቁስል ሳይቀር፣ በሌሎች ጀርሞች የተነሳ፣ ተመሳሳይ ነገር ሊደርስባቸው ይችላል። በማኅበረሰባችን ስኳር እየበዛ ስለሄደ እግራችሁን በየማታው እዩ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ የማይደረገውን ልናገር። ነፋስ መታኝ ሲባል ማሸት፣ በቅቤ መቀባት፣ ዋግምት መተከል የኖረ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ግን ማሸት አየሩን ይበልጥ ያሰራጨዋል። ዋግምት ቆዳ ስለሚበጣ ጀርም ያስገባል። እብጠቱን በመርፌ መውጋትም ሆነ ደረትን በነጠላ ጥብቅ አድርጎ ማሰር አያስፈልግም። ሰውየው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አያጭስ፣ አይናፈጥ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም አደጋ ደርሶበት ከሆነ ወደ 101 ይደወል።

ሆስፒታል ሲደረስ ሐኪሙ ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ራጅ ያነሳል፤ ካስፈለገ ሲቲ ስካን ይጨምራል። አንዳንዱ ታካሚ ኦክስጅን ይሰጠዋል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጠጠው፤ ኦክስጅን በብዛት ሲሰጥ ናይትሮጅን ከደም ይወጣና ከቆዳ ስር ያለው አየር ቶሎ ይጠፋል። ሳንባ ከተጨፈለቀ በጎን በኩል ቱቦ ይገባል። ቱቦው ገብቶም እብጠቱ ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላልና አትደንግጡ፤ እየጨመረ ከሄደ ግን ለነርሷ ንገሩ።

ከዳናችሁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጎንደር ለመብረር ያሰባችሁ ካላችሁ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቲኬት አትቁረጡ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ሊሆን ይችላል። በደረት ውስጥ የቀረ አየር እዚያ ከፍታ ላይ ሲሶ ያህል ይሰፋል። ከዚህ፣ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ከአውሮፕላኑ ቢወርድም እፎይ አይልም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጎንደርም ከ2,000 በላይ።

በመጨረሻ ስለ ቋንቋ። ሚዩን፣ ማለትም ድንገተኛ ክፍል፣ ስትደርሱ “አቪር ሚታኻት ላኦር” በሉ፤ ከቆዳ ስር አየር አለ ማለት ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ታዟል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቷ ደረት ሕመም አስተርጓሚ ልትሆን አይገባም፤ ያልገባትን ትዘላለች፣ ያስፈራትን ትደብቃለች። አስተርጓሚው ሲመጣ እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገ፣ መውደቅም ይሁን ሳል፣ ጥርስ ማስነቀልም ይሁን ትውከት፣ ሳታስቀሩ ንገሩ። ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ይዟችሁ ከነበረ፣ ከዓመታት በፊት ወደ እስራኤል ስትመጡ በሱዳን መንገድ ላይም ቢሆን፣ እሱንም ንገሩ። የነቀርሳ ጠባሳ ያለበት ሳንባ በቀላሉ ሊቀደድ ስለሚችል ሐኪሙ ራጁን የሚያነበው ያን እያሰበ ነው።